የያማሃ ኦሪጅናል የውሃ ፓምፕ ኪት፦ ጣና ላይ ሦስት ጊዜ ከገጠምኩት በኋላ

ፍርዴን ላስቀድም። ይሄን ኪት ለሦስተኛ ጊዜ ገዝቼ ገጥሜዋለሁ፤ ጊዜው ሲደርስም መልሼ የምገዛው እሱኑ ነው። ዋጋው ያማል፣ አልዋሽም። ግን ጀልባ ላይ ሰው የምትጭኑ ከሆነ ርካሹን መንገድ እኔ ሞክሬላችኋለሁ፤ አይሆንም።

የማወራው ከጀልባ ኋላ የሚሰቀለው ሞተር እግር ውስጥ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚገባው የታችኛው ክፍሉ ውስጥ፣ ስላለችው የውሃ ፓምፕ ነው። ሐይቁን እየሳበች ሞተሩን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት። ልቧ ደግሞ ኢምፔለር የምትባል የጎማ ኮከብ ናት፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፣ የኔዋ ስድስት ክንፍ አላት። መኪና ራዲያተር አለው፣ ፋን አለው። የኛ ሞተር ያለው ይህችው ጎማ ብቻ ናት። እሷ ስትደክም ሞተሩ ሙቀት ይሰራል፣ ሙቀት ሲሰራ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ፣ የሞተሩን ራስ የሚያሽገው፣ ይሄዳል፣ ከባሰም ፒስቶኑ ይነክስና ሞተሩን ራሱን ትሰናበቱታላችሁ።

ሞተሬ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው፤ ቱ ስትሮክ፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር የምናጠጣው፣ በገመድ ተጎትቶ የሚነሳ። ከባህር ዳር ዘጌ፣ ደብረ ማርያም፣ ክብራን ገብርኤል እመላለሳለሁ፤ ደንበኛ ከተገኘ ደግሞ ዳጋ እስጢፋኖስ ድረስ እሄዳለሁ።

ወደዚህ ኪት ያመጣኝን ቀን ልንገራችሁ።

የካቲት 16 ነበር። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ዘጌ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ወደቡ ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቶ፣ ጀልባው ሁሉ ከንጋት ጀምሮ ሲያመላልስ ይውላል። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አላረፍኩም። ከሰዓት በኋላ አስራ አንድ ሰው ይዤ ከዘጌ ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ፣ ጉልበቱም ወረደ። መጀመሪያ ቤንዚን ነው ብዬ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ከሞተሩ ጎን የምትወጣው ውሃ፣ እኛ ሽንቷ የምንላት፣ እንደ ክር ቀጥናለች። ትንሽ ቆይታ ጭራሽ ቀረች፤ በሷ ፈንታ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ወዲያው አጠፋሁት።

ሐይቁ መሃል ቆምን። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚነሳ ታውቃላችሁ፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ጎኗን ይመታት ጀመር። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉኝ። «ምንም አይደል እማማ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ አጠገባቸው ያለችውን የልጅ ልጃቸውን ሳብ አድርገው ነጠላቸው ውስጥ ከተቷት። ያቺ ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም። ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጀልባ መጥቶ ገመድ ጣለልንና ጎትቶ አስገባን። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም ምልክቱን አይቼ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደብረ ማርያም ልጠጋ ፍጥነት ስቀንስ ውሃዋ ስትንጠባጠብ አይቼ፣ ነዳጅ ስሰጣት ስለተመለሰች ብቻ ትቻት ነበር።

ያኔ ሞተሩ ውስጥ የነበረችው ከአምስት ወር በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛኋት ባዶ ጎማ፣ ማለትም ያለ ኪቱ ኢምፔለሯ ብቻ ናት። የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ «ያው ናት፣ ምንም ልዩነት የላትም» ብሎኝ ነበር፤ እኔም የዋጋውን ልዩነት አይቼ አመንኩት።

በማግስቱ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ቡሎኖቹን ፈተን፣ የማርሹን ዘንግ አላቀን እግሩን አወረድነው። እሳቸው የፓምፑን ቤት አራት ቡሎን ፈተው አነሱና ኢምፔለሯን በካቻቢቴ ከስር ገፋ ገፋ አድርገው አወጧት፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ መዳፌ ላይ አስቀመጧት።

ከስድስቱ ክንፎች ሁለቱ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ቀርተዋል። በጣቴ ላቃናቸው ስሞክር መልሰው ይተኛሉ። የአንዱ ጫፍ የለም። ቀሪዎቹ ደህና ይመስላሉ፤ ግን ጎንበስ ሲደረጉ ከመሃሉ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይከፈታል። ጎማው ደርቋል፣ ጫፍ ጫፉ እንደተወለወለ ያብረቀርቃል፣ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት አይቀበልም። አዛውንቱ «ቁራጩ የት ገባ?» አሉኝ። እኔ አዲሷን ገጥሜ መሄድ ነበር ያሰብኩት። እሳቸው ግን ቁራጩ ሳይገኝ እግሩን መልሼ አልገጥምም አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ቁራጩ በውሃው መንገድ ወደ ላይ ወጥቶ ቀጭን ቦታ ላይ ወይም እንደ ሙቀቱ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቴርሞስታቱ ጋ ከተቀረቀረ አዲስ ኢምፔለር ገጥማችሁም ሞተሩ መሞቁን አይተውም። ወደ ላይ የሚወጣው የውሃ ቱቦ አፍ ላይ አገኘናት። የምስር ፍሬ ታክላለች።

ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ለመሆኑ ውሃው ሲቆም ነው እንዴ የምትቀይረው?»

አዎ፣ እንደዚያ ነበር የማደርገው። አብዛኞቻችንም እንደዚያ ነን። ስለዚህ መቼ ነው የሚቀየረው የሚለውን ዘርዘር ላድርገው፤ ኪቱን መግዛት ብቻውን አይበቃማ።

መጀመሪያ አሰራሯን እዩ። የተቀመጠችበት ቤት ክብ ነው፤ እሷ ግን መሃሉ ላይ አይደለችም፣ ወደ አንድ ግድግዳ ተጠግታለች። ስትዞር ክንፎቿ በጠባቡ በኩል ይታጠፋሉ፣ በሰፊው በኩል ይዘረጋሉ። ሲዘረጉ ውሃ ይስባሉ፣ ሲታጠፉ ይገፋሉ። በዝግታ ስትነዱ ሥራዋ ይሄ ነው። ፍጥነት ስትጨምሩ ግን ክንፎቹ ከግድግዳው ይርቁና ውሃውን እንደ ማራገቢያ እየወረወረች ነው የምትሰራው፤ ያን ጊዜ ክንፉ ቢያረጅም ብዙ አይታወቅባትም። ለዚህ ነው የደከመች ኢምፔለር ሐይቁ መሃል ደህና ሆና ወደብ ስትጠጉ የምትንጠባጠበው። ነዳጅ ስትሰጧት ውሃዋ ተመለሰች ማለት ዳነች ማለት አይደለም። ያኔ ነው መክፈት፣ እኔ እንዳደረግኩት ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይደለም።

ደግሞ የተደፈነ ቀዳዳንና የደከመ ፓምፕን ለዩ። ሽንቷ የምትወጣበት ቀዳዳ ትንሽ ስለሆነች ጭቃም ነፍሳትም ይደፍናታል። ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ሞክሩ። ከተከፈተችና ውሃው በኃይል ከወጣ፣ በእጃችሁም ስትነኩት ለብ ያለ ከሆነ ችግሩ እሱ ነበር። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አጥፉት። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ መቶ አይደርስም። እንፋሎት ለማየት ከባህር ጠረፍ ሰው ቀድመን ነው የምንደርሰው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የየሞተሩ መመሪያ ይለያያል፤ የራሳችሁን እዩ። ለምሳሌ ሜርኩሪ የተባለው ሞተር አምራች በአንዳንድ ፎር ስትሮክ ሞተሮቹ መመሪያ ላይ በየ300 ሰዓቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ቀይሩ ይላል። በዓመት አንዴ ከፍታችሁ እዩ የሚሉም አሉ። ሰው ታዲያ ከዚህ ውስጥ ዓመቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ ሰዓቱን ይረሳል። ዓመት የሚለው ቅዳሜና እሁድ ዓሣ ለማጥመድ ለሚወጣ ሰው ነው። እኛ እንቁጠር እስኪ። ዘጌ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አንዲት አጭር ጉዞ ጨምሩበት፣ በቀን ሦስት ሰዓት። በወር 25 ቀን ከሰራችሁ 75 ሰዓት። በአራት ወር 300 ሰዓት ሞላችሁ! ያ የመዝናኛ ጀልባ በሦስት ዓመት የማይሞላውን እኛ በአንድ በጋ እንጨርሰዋለን። ይሄን ስሌት ቁጭ ብዬ የሰራሁት ከየካቲት 16 በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሰራው ኖሮ ያቺ ልጅ ነጠላ ውስጥ አትደበቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አለኝ። ሞተሬ ሰዓት ቆጣሪ የለውም፣ ስለዚህ ማታ ማታ የዋልኩበትን ሰዓት እጽፋለሁ። 150 ሲደርስ ከፍቼ አያለሁ። 300 ሲደርስ የቱንም ያህል ቆንጆ ብትመስል እቀይራለሁ። ክረምት አልፎ ውሃው ሲረጋ ደግሞ ሰዓቱ ቢሞላም ባይሞላም እከፍታለሁ።

ክረምቱን ለብቻው ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ሁሉም የገበሬውን አፈር ተሸክመው ነው ጣና የሚገቡት። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። ያ ደለል ፓምፑ ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ የክንፎቹን ጫፍ ይልጋል፣ ከስር ያለችውን ላሜራም ክብ ክብ አድርጎ ይቦረቡራታል። ጣና ደግሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ በዳር በዳሩ ስትሄዱ ፕሮፔለሩ ራሱ ጭቃውን ከስር ያነሳላችኋል። በንፁህ ውሃ 300 ሰዓት የምትሄድ ኢምፔለር በክረምት እዚያ አትደርስም። እኔ አንድ ክረምት ላይ በ190 ሰዓት ቀይሬያለሁ።

ሌላው እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ጀምሮ ምን እንዳደረገን ማውራት አያስፈልግም፤ ሞተር ላይ የሚያደርገውን ግን ልንገራችሁ። ሥሩ እንደ ጢም ነው፤ እግሩ ጎን ላይ ያሉትን ውሃ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ይሸፍናቸዋል። ፓምፑ ውሃ ካላገኘ ጎማው ብረት ላይ በደረቁ ይፋጫል፣ ይቃጠላል። ውሃ ነው የሚያለሰልሳት፤ ሌላ ቅባት የላትም። ፌስታልም ያው ነው። እምቦጭ ውስጥ ካለፋችሁ በኋላ አጥፉ፣ እግሩን ወደ ላይ አንሱ፣ በእጃችሁ ጥረጉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በደረቅ መሬት ማስነሳትም ይሄንኑ ያመጣል። «ይነሳ አይነሳ ልሞክረው» ብሎ ጋራዥ በር ላይ የሚያስነሳ ሰው አለ። ጎማዋን ለማበላሸት ሰከንዶች ይበቃሉ። ግማሽ በርሜል ውሃ ሙሉና እግሩን ንከሩት፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ አስነሱ። አንዴ በደረቁ የሰራች ኢምፔለር ከውጭ ስትታይ ምንም አትመስልም፣ እኔ ግን አላምናትም፤ ከፍቼ አያታለሁ።

ብዙ ወር የቆመ ሞተርም ተጠንቀቁ። ክንፎቹ የታጠፉት እንደታጠፉ ይደርቃሉ። ሥራ ጠፍቶ ጀልባው ስድስት ወር ከቆመ ሰዓቱ አልቆጠረም ብላችሁ እንዳትተማመኑ።

እሺ፣ ወደ ኪቱ ልመለስ።

እኔ የገዛሁት ሙሉው ነው፤ ኢምፔለሯ፣ የፓምፑ ቤት፣ ቤቱ ውስጥ የሚገባው የማይዝግ ብረት ኩባያ፣ ከስር የምትሆነዋ ላሜራ፣ ጓርኒሲዮኖቹ፣ ኦሪንጉ (ቀለበት የመሰለችው የጎማ ማሸጊያ)፣ እና ኢምፔለሯን ከዘንጉ ጋር የምትይዘዋ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት። ቤቱን ያልጨመረ አነስ ያለ ኪትም አለ፤ ቤታችሁ ደህና ከሆነ እሱ ይበቃል። ደህና መሆኑን የምታውቁት ደግሞ ኩባያውንና ላሜራውን በጥፍራችሁ ስትጭሩት ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ ቀይሩት። ሙቀት የሰራ ሞተር ከሆነ የፕላስቲኩን ቤት ቅርፁን በደንብ እዩት፤ የኔ በአንድ በኩል ቀልጦ ለስልሶ ነበር። ባዶ ጎማ አትግዙ የምለው ለዚህ ነው። አዲስ ጎማ በተቦረቦረ ላሜራ ላይ ብትገጥሙ ውሃው በቦዩ እየሾለከ ይቀራል፣ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ያቺ የሱቅ ጎማ ራሷ መጥፎ ነበረች፤ ግን አሮጌ ቤት ውስጥ ስለገጠምኳት ደግሞ እኔ ራሴ ዕድሜዋን አሳጥሬዋለሁ።

የመጀመሪያዋን ኦሪጅናል 300 ሰዓት ላይ ሳወጣት ክንፎቿን እስከ መሃሉ አጥፌ ስለቃቸው ቀጥ ብለው ተመለሱ። ጫፏ ትንሽ ተልጓል፣ ስንጥቅ ግን የለም። አዛውንቱ አዩዋትና «እሷን እንደ ትርፍ አስቀምጣት እንዳትል» አሉኝ። አላስቀመጥኳትም። ሰዓቷን ጨርሳ ከወጣች ወደ ቦታዋ አትመለስም፤ ክንፎቹ የለመዱት መታጠፍ ስላለ ደግመው ሲገጠሙ በሌላ አቅጣጫ ከታጠፉ ይሰነጠቃሉ።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፤ መጀመሪያ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ግጠሙት። ቤቱ ውስጥ ስታስገቧት በፈሳሽ ሳሙና አርሷት። ዘንጉን ከላይ ሆናችሁ በሰዓት አዟዟር አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ ቤቱን ወደ ታች ግፉት፤ ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኝተው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አታዙሩት። ያቺን ግማሽ ጨረቃ እንዳትጥሏት፤ ግራሶ ቀብታችሁ ቦታዋ ላይ ለጥፏት፣ አለበለዚያ ቤቱን ስታወርዱ ትንሸራተትና ዘንጉ ይዞራል፣ ኢምፔለሯ ትቆማለች። እግሩን መልሳችሁ ስትሰቅሉ የውሃ ቱቦው ቦታው ላይ መቀመጡን በእጃችሁ ዳብሱ። ከሁሉም በላይ ከገጠማችሁ በኋላ በርሜል ውስጥ አስነስታችሁ ሽንቷ ስትወጣ ሳታዩ ሰው እንዳትጭኑ።

የማልወድለትን ነገር ደግሞ ልናገር። ዋጋው የባዶዋን ጎማ አራት እጥፍ ያህል ነበር እኔ ስገዛ። ባህር ዳር ሁልጊዜ አይገኝም፤ አንዱን ከአዲስ አበባ፣ አንዱን ዱባይ በሚሰራ ዘመድ ነው ያስመጣሁት። «ባለ 40 ያማሃ» ብላችሁ ብቻ አትዘዙ፤ ባለ 40ው ብዙ ዓይነት ነው፣ የአንዱ ኪት ለሌላው አይሆንም። ሞተሩ ጀልባው ላይ የሚታሰርበት ብረት ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ በስልካችሁ አንስታችሁ ላኩ። ሁለተኛውን ሳዝ ይሄን ሳላደርግ ቀርቼ ሌላ መጥቶልኝ አንድ ወር ጠፍቶብኛል። እኔ ያገኘሁት ኪት ውስጥ ቴርሞስታትም ቡሎንም የለም፤ ቡሎኖቻችሁ ከዛጉ ለብቻ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን አስከፍቱና አንዱን ክንፍ አጥፋችሁ ልቀቁት። ኦሪጅናል የሚል ጽሑፍ ካርቶን ላይ ማንም ያትማል፣ እንደ ላስቲክ ተስፈንጥሮ የማይመለስ ጎማ ግን ጽሑፉ ምንም ቢል አትግዙት። የምታስቀምጡትንም ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ጎማ ነው፣ ሳይሰራም ይደርቃል።

አሁን የገጠምኳት ሦስተኛዋ ናት፤ በደብተሬ 210 ሰዓት ላይ ደርሳለች። 150 ላይ ከፍቼ አይቻታለሁ፣ ደህና ናት። አራተኛዋ በላስቲክ ተጠቅልላ፣ ከመፍቻዎቹና ከአንዲት ትንሽ የሳሙና ጠርሙስ ጋር፣ ጀልባው ወንበር ስር ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ተቀምጣለች።